በእጅ የሚበላ እንቁላል

ለውድ ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ? እኛ ከጎረቤት ወሬ በቀር ክፉ አልነካንም፣ ተመስገን።

ቅዳሜ ወንድምሽ ምሳ ጋበዘን፤ ምግብ ቤቱ የቱኒዚያን ምግብ በራሱ ፈጠራ የሚሠራ ነው። ሾርባው በአበባ ማስቀመጫ ሲመጣ "ይጠጣል ወይስ ይሸተታል?" ብዬ አስተናጋጇን አሳቅኋት።

ቀጥሎ ብሪክ የሚሉት መጣ፤ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የተጠበሰ፣ አስኳሉ ያልረጋ እንቁላል ነው። "በእጅ ነው የሚበላው፤ ሳያንጠባጥብ ለጨረሰ ጣፋጭ በነፃ!" አለች።

"ይቺማ ለአባዬ ምን አላት!" አለ ወንድምሽ፤ "አርባ ዓመት የሰዓት ብሎን በወረንጦ ሲያነሳ የኖረ ሰው!"

አባትሽ እጆቹን ጠረጴዛው ስር እንዳደረገ "ጠግቤያለሁ፣ የኔንም አንቺ ብዪልኝ" አለኝ። እንቁላል እንዴት እንደሚወድ ታውቂያለሽ። ሁለቱንም በላሁ፤ ቀሚሴ አስኳል በአስኳል ሆነ። ወንድምሽ ሲስቅብኝ አባትሽ ፈገግም አላለ።

አባትሽ እንዲጠግነው የላክሽው ሰዓት ገና አላለቀም። መለዋወጫው ጠፋ ይላል፤ እኔ ግን መሳቢያው ውስጥ አይቼዋለሁ። ሻይም ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ቅጂልኝ ማለት ጀምሯል። ስትደውዪ ስለ ሰዓቱ እንዳትጠይቂው፤ የዓመት ፈቃድሽን ግን ከቻልሽ ቀደም አድርጊው።

በይ ደህና ሁኚልኝ፣ ጉንጭሽን ስሜያለሁ። አባትሽም ሰላም ብሎሻል። ከደብዳቤው ግርጌ ሁልጊዜ የሚያኖራትን ፊርማ ዛሬ እኔው ፈርሜለታለሁ።

እናትሽ