የሊቀመንበር መድኃኒት

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ሲያይ አሁንም ያጉረመርማል ወይ? የልጅሽ ልጅስ እንዴት ናት? የሚኒባሱ ሹፌር ባለፈው ሲያልፍ ሁለት ጥርስ አውጥታ የአያቷን ጣት እንደነከሰች ነግሮኝ በሳቅ ሞቻለሁ። የዘር ነው። አንቺም እኔን ስትነክሺ ነው ያደግሽው፤ ምልክቱ ግራ ክንዴ ላይ እስካሁን አለ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከወገቤ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። የወገቤን ምክንያት ወደ ታች ስትደርሺ ታገኚዋለሽ።

ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አንዱንም አልመለስኩም። በሁለተኛው ተቀይመኸኝ ነው ወይስ ታመህ ብለሽ ጠየቅሽኝ። በሦስተኛው ደግሞ መጠየቁንም ትተሽ በወሩ መጨረሻ የጭነት መኪና ይዘሽ እንደምትመጪ፣ ቤቱን ዘግተሽ እኔንም እንስሳቱንም ይዘሽን ከተማ እንደምትገቢ ቁርጡን ነገርሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ተቀይሜሽ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ በዚያ ሆዴ ብዕር ባነሳ የማይሆን ነገር ጽፌ ዕድሜ ልኬን እጸጸት ነበር። አሁን ቂሙ ወጥቶልኛል። ስለዚህ መኪናውን ከመከራየትሽ በፊት ይቺን ደብዳቤ እስከ መጨረሻዋ አንብቢያትና ከዚያ እንዳሻሽ አድርጊ።

አምና ይሄን ጊዜ ምን እንደነበርኩ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ባለቤቴን ከቀበርኩ አራት ወሬ ነበር። ሱቄን ዘግቼ፣ ሰው አምኖ የሰጠኝ ሰዓት ሁሉ መሳቢያ ውስጥ አንድ በአንድ ቀጥ ብሎ፣ እኔም አልጋዬ ላይ ቀጥ ብዬ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሰዓት ሲያስተካክል የኖረ ሰው ቀኑ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ አያውቅም ነበር። የመጣው ሁሉ አይዞህ፣ ጊዜ መድኃኒት ነው ይለኛል። ለሰዓት ሠሪ እንዲህ ይባላል?

አንቺ ግን አይዞህ አላልሽኝም። መጥተሽ ተቆጣሽኝ። ልጅሽ ልትወልድ ነው፣ አንቺ ከተማ ልትገቢ ነው፣ የገጠሩ ቤት ሰው አልባ ሊቀር ነው፣ ይባስ ብሎ ውሻዬ ሊቀመንበር የልብ በሽታ ይዞታል፤ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም፣ ተነሥ፣ አልሽኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብዬሽ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አልኩ። አንቺ አልሳቅሽም።

እዚህ በደረስን ዕለት ሻንጣዬን የፈታሽልኝ አንቺ ነሽ። ሸሚዞቼን እንደ ሆስፒታል አንሶላ ጥግ በጥግ አጥፈሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደርሻቸው። አርባ ዓመት ነርስ የነበረች ሴት እጅ መቼም አያርፍም ብዬ ተውኩሽ። በማግስቱ ጠዋት ከመሄድሽ በፊት ውሻውን አጠገቤ አስቀምጠሽ ትእዛዙን ሰጠሽኝ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ። ደቂቃ ካለፈ ዋጋ የለውም። ከጠዋቱ መድኃኒት በኋላ እስከ ኩሬው ድረስ ቀስ ብሎ መሄድ አለበት፤ ብቻውን ከተለቀቀ ሮጦ ልቡ ይቆማል። መድኃኒቱ ከሌላ ዕቃ ጋር አይስማማም፤ ስለዚህ ባለቀ ቁጥር ጠርሙሱን በሹፌሩ ላክልኝ፣ አስሞልቼ እመልስልሃለሁ። ጠርሙሱ ቡናማ ነበር፤ ዙሪያውን በነጭ ፕላስተር ጠቅልለሽ “የሊቀመንበር” ብለሽ በእጅሽ ጽፈሽበታል።

ከሄድሽ በኋላ ከሰዓት በኋላውን ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ዕቃ ፈለግሁ። ሸሚዞቹን ዘረገፍኩ፣ የሻንጣውን ገበር ዳበስኩ፣ የለም። ከተማ ረስቼዋለሁ፣ ነገ በሚኒባሱ ሄጄ አመጣዋለሁ አልኩ። ነገ ግን ሊቀመንበር ለአሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ አሥር ጉዳይ ሲሆን አልጋዬ ጫፍ ላይ አገጩን አስደግፎ ያየኛል። ተነሣሁ። በማግስቱም እንደዚያው። ማንን አምኜ ልሂድ? ልቡ ቢቆምስ?

እንዲህ እንዲህ ስል በጋው አለቀ። በበጋ ኩሬው ጠቦ ከዳር እስከ ዳር መሬቱ ሲሰነጣጠቅ አንዲት ቀበሮ ውኃ ልትጠጣ ትመጣ ነበር። እኛን ስታይ አትሸሽም፤ ጠጥታ፣ አፏን ልሳ፣ ሥራ እንዳለበት ሰው ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች። ሊቀመንበር እሷ እያለች ድምፁን አያሰማም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ፣ ከጫካው ከገባች በኋላ ነው ጀግንነቱ የሚመጣው። እሜቴ ድመትሽ ደግሞ እርጅና አረጋግቷታል ያልሽኝ ውሸት ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ዓይኗን ጨፍና ትውልና ወጥ ቤት ኮሽ ሲል አስቀድማኝ የምትገኘው እሷ ናት።

ክረምቱ ሲገባ ሥራ በዛብኝ። በቆርቆሮው ላይ ዝናቡ፣ ከኩሬው እንቁራሪቱ፤ ለራሴ ስናገር እንኳ መጮኽ ጀመርኩ። ጃርት ጓሮ ገብታ ድንቹን በየመደቡ ገለበጠችው፤ እኔ አጥር ስጠግን እሷ በሌላ በኩል ትገባለች፣ በመጨረሻ አንድ መደብ ለቀቅሁላትና ተስማማን። በረንዳው ላይ የሰቀልኩት የዝናብ ልብሴ እጅጌ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቡኒ ወፍ ጎጆ ሠርታ ሦስት እንቁላል ጥላ አገኘኋት። ልብሱን ባወርደው እናትየው ትሄዳለች፤ ተውኩት። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመጣ ጆንያ ነው የለበስኩት። ጎረቤቴ አናጢው ሲያየኝ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ መንገዱ በደለል ተዘጋ። ሹፌሩ ዘጠኝ ቀን አልመጣም። ጠርሙሱ ደግሞ ከታች ጥቂት ብቻ ቀርቶት ነበር። መጀመሪያ በግማሽ ማንኪያ አደረግሁት፣ ቀጥሎ በሩብ። በስድስተኛው ቀን አለቀ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሊቀመንበር ቁጭ ብሎ ማንኪያውን ሲጠብቅ፣ እኔ ባዶ እጄን ሳየው፣ አንጀቴን በላው። ይሄ ውሻ በእጄ ሊሞት ነው አልኩ። ባለቤቴን ያጣሁት ይበቃኛል፣ ይሄን አልችልም።

ስለዚህ ባዶውን ጠርሙስ ኪሴ ከትቼ፣ ጆንያዬን ለብሼ፣ ውሻውን ይዤ የእንስሳት ሐኪሟ ወዳለችበት መንደር የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሬ ወጣሁ። ጆንያ ዝናብ አይመክትም፤ ኪሴ ድረስ ራስኩ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሊቀመንበር ማለክለክ ሲጀምር ልቡ ሊቆም ነው ብዬ ተሸከምኩት። እትዬ፣ ያንን የሚያህል ውሻ! እያዳለጠኝ እስከ ዳገቱ ጫፍ ተሸከምኩት። እሱም ጆሮዬን እየላሰ ዙሪያውን ይመለከታል። የወገቤ ነገር ይኸው ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ልጅ ልትሆነኝ ትችላለች። ጆሮዋ ላይ ያንን መስሚያ ሰክታ ረጅም ጊዜ አዳመጠችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ “አባባ፣ ይሄ ውሻ እኮ እኔንም እርስዎንም ይቀብራል” አለችኝ። የልብ መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ነው ብዬ ተከራከርኳት። የቱ መድኃኒት ብላ ጠርሙሱን ተቀበለችኝ፣ አሸተተችው፣ ከአፉ ላይ በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ማርና ዝንጅብል ነው አለች። ሌላ ምንም የለበትም። ጠርሙሱን ስታገላብጠው ዝናቡ ያራሰው ፕላስተር እጇ ላይ ተላጠ። ከሥሩ የፋርማሲ ወረቀት ነበር። ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። የባለቤቴን ስም አነበበች። የሕመም ማስታገሻ አለች። ከታዘዘው መጠን በላይ አይወሰድም የሚለው ላይ ስትደርስ አቆመችና አየችኝ።

ሻንጣዬ ውስጥ የፈለግሁት ዕቃ እሱ ነበር እትዬ። ከሸሚዞቼ ሥር፣ ከግማሽ በላይ ሞልቶ።

ሐኪሟ ሌላ አልጠየቀችኝም። ወንበር ሰጠችኝ፣ ፎጣ ሰጠችኝ፣ ለውሻውም ሰጠችው። ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ በሉ አለችን።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ካንቺ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር የሄድኩት። በስልሳ ሦስት ዓመቴ እንደ ማሙሽ አታለለችኝ አልኩ። ዕቃዬን በረበረች፣ አፏን ዘጋች፣ ጭራሽ እሱኑ ጠርሙስ መልሳ በእጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ በቀን ሁለቴ እጨብጠው ነበር፣ እሷም ታውቅ ነበር። አንድ ቃል ብትናገሪኝ ምን ነበረበት? ይሄንን እያልኩ ተኛሁ። ከእንግዲህ በዚያ ሰዓት የሚቀሰቅሰኝ የለም ብዬ ዝቼ ነው የተኛሁት።

በማግስቱ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ አሥር ጉዳይ ሲሆን ዓይኔ ተገለጠ። ሊቀመንበር ገና ተኝቷል። የታመመ የለ፣ መድኃኒት የለ፣ የሚጠብቀኝ የለ፤ እኔ ግን እግሬ ጫማ እየፈለገ ነው። ተነሥተን ወደ ኩሬው ወረድን። ዝናቡ አቁሞ ነበር። የዱር ዳክዬዋ ከቄጠማው ውስጥ ወጥታ ልጆቿን ውኃ ላይ አሳረፈቻቸው። ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አንድ። አሥራ አንድ መሆናቸውን ለእትዬ እጽፍላታለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እዚያው እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለባለቤቴም ነው፣ ለራሴም ነው፣ ላንቺም ነው። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ስረጋጋ የገባኝ ነገር አለ። ባዶው ጠርሙስ በየወሩ ሲደርስሽ ጠዋትና ማታ ስልሳ ጊዜ ተነሥቻለሁ ማለት ነበር። ለካ ከደብዳቤዬ ይልቅ የምታምኚው እሱን ነው። ይሄን ባልገባኝ ኖሮ አሁን ለምን መኪና እንደምትከራዪ አይገባኝም ነበር። ጠርሙሱም ቀረብሽ፣ ደብዳቤውም ቀረብሽ። ሦስት ሳምንት ምን ስታስቢ እንደከረምሽ ሳስበው አፈር ስሆን ይቅር በይኝ። ክፋት አልነበረም፤ ኩርፊያ ነበር። የኔ ኩርፊያ ካንቺ እንቅልፍ እንደሚበልጥ መስሎኝ ነበር።

እነሆ ዛሬ የሆድሽን ጥያቄ ሳትጠይቂኝ ልመልስልሽ። አዎ፣ አስቤ ነበር። አሁን አላስብም። ይሄን የምልሽ አንቺን ለማስደሰት አይደለም፤ አንቺን መዋሸት እንደማይቻል ከጥርስሽ ዘመን ጀምሮ አውቃለሁ። ሐዘኑ አልሄደም፤ ከኔ ጋር ነው የሚነሣው፣ ከኔ ጋር ነው ኩሬ የሚወርደው። ግን እየሄድን ነው። ደግሞ ነርስነትሽ በጡረታ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የመጨረሻው በሽተኛሽ እኔ ነኝ። እጅሽን እስማለሁ እትዬ። ምን እንደምልሽ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚለው ቃል ለዚህ ያንሳል፣ ቢሆንም ሌላ ቃል የለኝም።

ስለዚህ ቤቱን አትዝጊው። መምጣትሽን ግን አትቅሪ፤ ሕፃኗን ይዘሽ፣ በጭነት መኪና ሳይሆን በሚኒባስ ነይ። አሁን ሜዳው በቢጫ አበባ ተሸፍኗል፣ የወፏ ልጆችም ከእጅጌዬ በረው ወጥተዋል። የመንደሩ ሰው ሰዓት ሠሪ መሆኔን ሰምቶ በረንዳዬ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ መሰለፍ ጀምሯል። አናጢው ጠረጴዛ ሠርቶልኛል፤ ለጆንያው ይቅርታ መጠየቁ ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው ገበያ ችግኝ ልገዛ ወጥቼ የብርቱካኑን ዋጋ ጠየቅሁ። ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ “አባባ፣ ይሄ ከዘር የበቀለ ነው፤ ፍሬ ለመስጠት ስድስት ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ለርስዎ በዓመቱ የሚደርሰው ፓፓያ ይሻልዎታል” አለኝ። ልጁ የተናገረው በቅንነት ነው፣ አልተቀየምኩትም። ብርቱካኑን አራት ገዝቼ ከጓሮው በስተ ምሥራቅ ተከልኩት። እንደማልቸኩል ነገርኩት።

ጉልበትሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ። ልጅሽን በጤና፣ የልጅ ልጅሽን በቁም ነገር ያሳይሽ። ለኔ ያልተኛሽበትን ሌሊት ሁሉ በእረፍት ይመልስልሽ።

እስከ ዛሬ ያለው፣ ነገም የሚኖረው
ታናሽ ወንድምሽ