ሠላሳ አራቱ የእምቢታ ድምፆች

ለውድ ወንድሜ ለዌንዴል፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ባሕሩ ዘንድሮ አልከፋባችሁም? ማሪና ጉልበቷን እንደሚያማት በገና ካርዳችሁ ላይ ጽፋልኝ ነበር፤ አሁን ተሻላት ወይ? ልጃችሁ ፌዶራስ ትምህርቷን ጨረሰች ወይስ አንድ ዓመት ቀራት? የምጠይቅህ ከልቤ ነው። ቀጥሎ የምጽፈው ሊያስቀይምህ ስለሚችል፣ ሰላምታዬን ለወግ ያህል ያደረግሁት እንዳይመስልህ አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ስንዴው ዝናብ አግኝቶ ጥሩ ይዟል። ሰሞኑን ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሐኪሙ ምንም የለብሽም ብሎኛል። እኔ ግን ምን እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ስሙ ቬርን ሆግስታድ ይባላል።

ቬርን የከተማችን የመናፈሻ ቦርድ ሊቀ መንበር ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባታችን ያስተዳድረው የነበረው መዋኛ ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ከተዘጋ ወዲህ ወለሉ ላይ አረም በቅሎበታል። ዘንድሮ ታዲያ ቬርን ከተማው በቦንድ ተበድሮ መዋኛውን፣ የኳስ ሜዳውንና የልጆች መጫወቻውን እንዲያድስ፣ ዕዳውንም እኛ በቤት ግብር እንድንከፍል ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። ይህን ያህሉን ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ግን በጋዜጣው ላይ የአዲሱ መዋኛ ሥዕል ወጣ። በሩ ላይ «የቬርን ሆግስታድ መዋኛ» ይላል።

ጋዜጣውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እንደገና አወጣሁት። እንደገና ከተትኩት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በሕግ ቦንድ የሚያልፈው ከመቶ ስድሳው እሺ ሲል እንደሆነ አውቅ ነበር። ከመቶው ከአርባ ሰው በላይ እምቢ ቢል በቃ፣ ሥዕሉ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ «ግብር በቃን» የሚል ሰሌዳ አሠርቼ በየሰው ግቢ ተከልኩ። ግብሩ ግን ጉዳዬ አልነበረም። ስለ ግብር ባወራሁ ቁጥር የምዋሸው ለማን እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር።

የምርጫ ወረቀቱ በየቤቱ በፖስታ መጥቶ በየጠረጴዛው ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር። በሚያዝያ ማን ይመርጣል? ስልክ ደወልኩ። ወይዘሮ ኢሌን ፕሩት «ልጄ፣ እኔማ ልተወው ብዬ የድመቷ ሳህን ሥር አንጥፌዋለሁ» አሉኝ። ቤታቸው ሄጄ ከሳህኑ ሥር አወጣሁት፤ የዓሣ ዘይት ነክቶት ነበር። «እምቢ» የሚለውን አጠቆሩ፣ ፖስታው ላይ ፈረሙ፣ በመኪናዬ ይዣቸው ሄጄ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ባለው ሣጥን ከተቱት። ሲመለሱ «ቬርንን አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ ብለው ደስ አይለኝም? ወጣት ሳለን ዳንስ ላይ እግሬን ረግጦ ይቅርታ ያላለ ሰው ነው» ብለው ሳቁ። እንደ እሳቸው ያሉ፣ ያለ እኔ ጉትጎታ ወረቀታቸውን የማይነኩ፣ ሠላሳ አራት ሰዎች አስመረጥኩ። አንድ በአንድ ስማቸውን አውቃለሁ።

ቦንዱ አለፈ።

እንዴት እንዳለፈ ስሰማ ተቀመጥኩ። ካንተ ጋር የተማረችው ታሚ አሁን በአውራጃው ምርጫ ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። ውጤቱ የጸደቀ ዕለት መስኮቷ ላይ ሄጄ ቁጥሩን ጠየቅኋት። ዓይኔን ሳታይ «ኖሪን፣ ሁለተኛውን መስፈርት አላነበብሽም እንዴ?» አለችኝ። ለካ ስድሳው ከመቶ ብቻውን አይበቃም። የመራጩ ብዛት ራሱ፣ እሺም ይበል እምቢ፣ ባለፈው ኅዳር ከመረጠው ሰው ከመቶ አርባ እጅ መድረስ አለበት። ያ ካልሞላ ሁሉም እሺ ቢል እንኳ ቦንዱ ይወድቃል። ዘንድሮ የሞላው በአሥራ አንድ ሰው ትርፍ ነው።

አሥራ አንድ። የእኔዎቹ ሠላሳ አራት ናቸው።

ወረቀቶቹን እዚያው በየቤቱ ብተዋቸው ኖሮ ቬርን ወድቆ ነበር። «እነ ቬርንም ይህንኑ ፈርተው ነበር። አንቺ ዝም ብትዪ ኖሮ አብቅቶላቸው ነበር» አለች ታሚ። ከዚያ ውኃ አመጣችልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በእህል ማኅበሩ መደብር ውስጥ ለዶሮዎቹ መኖ ስገዛ ቬርን ባርኔጣውን አውልቆ በሰው ሁሉ ፊት መጣ። «ኖሪን! ነይ እንጂ፣ እጅሽን ልሳመው! አንቺ ባትሮጪልኝ ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር እኮ!» አለ። ባለ ሱቁ «ለእሷም አንድ አግዳሚ ወንበር በስሟ ይሠራላት» ብሎ ጨመረበት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ዌንዴል። አፌ ብቻውን ሳቀ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

የመዋኛው ስም ገና አልጸደቀም። ጁን 12 ቀን ቦርዱ ሕዝቡን ይሰማል፤ ለተናጋሪ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። እኔ ብናገር ተሸንፋ አኮረፈች ይሉኛል፤ ደግሞም የሰማሁትን እንጂ ያየሁትን መናገር አልችልም። ያየኸው አንተ ነህ። በ1978 በነፃነት በዓል፣ ጁላይ አራት፣ የዋናተኞች ጠባቂው ወንበር ላይ የነበርከው አንተ ነህ። የበዓሉን ድግስ የሚመራው ቬርን አጥሩ ጋ ቆሞ «ዌንዴል፣ ውረድና ጠረጴዛዎቹን ተሸከምልኝ፣ ውኃውን እኔ አይልሃለሁ» ሲልህ የወረድከው አንተ ነህ። እሱ ዞሮ ወሬውን ያዘ። የሊንድኲስቶች ልጅ ከውኃው ሥር፣ መዋኛው ወለል ላይ ተገኘ። አባታችን ከነልብሱ ገብቶ አወጣው፤ ልጁ ተረፈ።

ከንቲባው ሸንጎ ላይ ሲጠይቅ ቬርን ተነሥቶ «ጠባቂውን ያሰናበተው ሩበን ነው» ብሎ ወደ አባባ ጠቆመ። አባባ ወደ አንተ ተመለከተ። ዐሥራ ሰባት ዓመትህ ነበር። እኔ ከእናታችን አጠገብ ተቀምጬ አየዋለሁ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። ሥራውን ያጣው፣ እስኪሞት የእህል ከረጢት የተሸከመው፣ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደው በዚያች ቃል ነው። አንተ በመስከረም ወደ ሰሜን ሄድክ። እውነቱን የነገርከኝ በእሱ ቀብር ማግስት ነው፤ ለማንም እንዳልናገርም አስማልከኝ።

መሐላዬን ሃያ ስምንት ዓመት ጠበቅሁ። በእነዚህ ዓመታት የጠላሁት አንድ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። መደብሩ ውስጥ ስስቅ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ቬርን ሲዋሽ አንድ ጊዜ ነው የዋሸው። አንተ ግን በየዓመቱ ገና በመጣ ቁጥር ካርድ ትልካለህ።

ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር። አልሰረዝኩትም።

እንድትመጣ እለምንሃለሁ። ቲኬቱን ከፈለግህ እኔ እቆርጣለሁ፤ የላይኛውን ክፍል አጽድቼዋለሁ። መጥተህ በራስህ አፍ ተናገር፣ ቬርንም ተቀምጦ ይስማህ። ካልመጣህ ግን መሐላዬ አብቅቷል። እኔው እቆማለሁ፤ ወንበሩን ማን እንዳስለቀቀ ብቻ ሳይሆን ማን እንደለቀቀና ማን ዝም እንዳለም እናገራለሁ። የሚያምነኝ ባይኖርም እናገራለሁ። ሦስት ደቂቃ ለሁለት ስም ይበቃል።

ማሪናን ጉልበትሽን አደራ በላት፣ ደረጃ አታብዢ በልልኝ። የማሪናን እናት እጅ ሳምልኝ፤ የላኩልኝ በጭስ የደረቀ ዓሣ ደርሶኛል፣ ቸኩዬ ጨረስኩት። ውሻችሁንም እሹልኝ። ፌዶራን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። የአያቷን ነገር ጁን 12 ከሰው አፍ ከምትሰማው ካንተ አፍ ብትሰማው ይሻላል፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከማቃጠልህ በፊት አስነብባት።

እህትህ ኖሪን

ታነር ክሪክ፣ ዋሽንግተን
ሜይ 14 ቀን 2019