ስለ ተደፈነው ክፍተትና ከአግዳሚው ላይ ይፋቅ ስለተባለው ስም

ሰማይንና ምድርን ባጸና በእግዚአብሔር ስም፤

ለተከበሩ አቶ ኦውያንግ ጂንግኸ፣ የዩኒቨርሲቲው የሕንፃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ኮንክሪት የጸና ይሁን። የእንጨት በረንዳውን ጽናት ግን አልመኝልዎትም።

፩. የሰሎሞን ቤት ሲሠራ የብረት ዕቃ ድምፅ አልተሰማም ተብሎ ተጽፏል። እርስዎም የጥንቱን የአገራችንን የፉጂያንን የእንጨት አሠራር ከዘመናዊው ግንብ ጋር ለማዋደድ ወድደው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን የሆኑት የሰባ አንድ ዓመቱ አናጢ ኬ ዩንሼንግ ያለ አንድ ምስማር በረንዳውን እንዲያቆሙ ስለፈቀዱ እናመሰግናለን።

፪. አናጢው በየመጋጠሚያው የቅጠል ውፍረት ያህል ክፍተት የተዉት፣ ፕለም በሚበስልበት ወር በሚወርደው ረጅም ዝናብ እንጨት እንደሚያብጥ ስለሚያውቁ ነው። ተቆጣጣሪዎ ግን በባትሪ መርምሮ፣ «አባባ፣ ክፍተት ካለ ፎርሙ አያልፍም» አላቸው። «ልጄ፣ እንጨቱ ፎርም አያነብም» ብለው መለሱለት። ፎርሙ አሸነፈ፤ በደረቁ ወር ክፍተቱ ሁሉ በማጣበቂያ ተደፈነ። ስለ ትጋትዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

፫. ዝናቡ መጣ፤ እንጨቱ አበጠ፤ መሄጃ አጥቶም ሦስተኛውን ምሰሶ ሰነጠቀው። ተማሪዎቹ ነጎድጓድ መስሏቸው ነበር አሉ።

፬. አሁን ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ፣ አናጢው ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው እስከ ዓርብ እንዲፈርሙ፣ ስማቸውም ከጣሪያው አግዳሚ ላይ እንዲፋቅ በትሕትና ጠይቋል። በእኛ ዘንድ አናጢ ስሙን በአግዳሚው ላይ የሚጽፈው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ጣሪያውን የሚከፍቱ ሰዎች ማንን እንደሚመርቁ ወይም እንደሚወቅሱ እንዲያውቁ ነው። ኬ ዩንሼንግ ልጅ አልወለዱም፤ ከዚያ ጽሑፍ በቀር ስማቸውን የሚያስጠራ የላቸውም። ጌታችን ስለ ጉድፍና ስለ ምሰሶ ያስተማረውን ለእርስዎ ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል፤ ምሰሶውንማ ግቢው ሁሉ ያየዋል።

ስለዚህ አናጢው እንደማይፈርሙ፣ መላጊያም ይዞ ወደ አግዳሚው የሚወጣ ከቤተ ክርስቲያናችን እንደማይገኝ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

የጥበብዎ አድናቂ፣ ስለ እርስዎ መጸለይን ያላቋረጠ፣
ሹ ማኦዴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ

ማስታወሻ፦ የበረንዳው ንድፍ አንድ ቅጂ በእኔ ዘንድ ይገኛል። እያንዳንዱ ክፍተት በቀይ ቀለም ተመልክቷል፤ ከግርጌው «ጸድቋል» ይላል፤ ማኅተሙም ፊርማውም የእርስዎ ነው። እንዳይጠፋብዎ ሰግተን ግልባጩን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጥፈነዋል። እግዚአብሔር እርስዎንና ቤተሰብዎን ይባርክ፤ ከሚሰነጠቅ ጣሪያም በታች አያሳድራችሁ።