የትርሲት አንጎል እና የላይፕዚግ በረዶ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአስናቀ። ከወሎ ሰፈር እስከ ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ፣ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን።

ልጄ ትርሲት ክፍል ውስጥ አልቀመጥ፣ ሰው ንግግሩን አላስጨርስ ስላለች አስተማሪዋ ሆስፒታል ላከችን። ራሷ ላይ ብዙ ሽቦ ለጥፈው የአንጎሏን ኤሌክትሪክ በረጅም ወረቀት ላይ አወጡት።

«ያሰብኩትን ሁሉ ይጽፈዋል እንዴ?» ብላ ጮኸች።

ሐኪሙ ሳቀና «ሞገዱን ብቻ ነው» አላት። እኔም በሆዴ ተመስገን አልኩ።

የሚጥል በሽታ የለባትም። «አፏ ከሐሳቧ ይቀድማል እንጂ ብልግና አይደለም፤ ስታድግ ትረጋጋለች» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ እፎይ አስባለኝ።

ያለፈው ደብዳቤህ የደረሰ ቀን እኔ ገበያ ነበርኩ። ትርሲት ፖስታውን ከፍታ፣ በር ላይ ቆማ፣ ለጎረቤታችን ለቀበሌው ሊቀመንበር «ካንቺ ሌላ ማንም እንዳያየው» ያልክበትን ሳይቀር እስከ መጨረሻው መስመር ጮክ ብላ አነበበችለት። አነባበቧን አድንቆ ከረሜላ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «አስናቀ መቼ ነው የሚመለሰው?» እያለ በአክብሮት ይጠይቀኛል።

እባክህ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ስትጽፍልን ስለ በረዶው ብቻ ጻፍልን። ትርሲት በረዶ ትወዳለች።

በዓይነ ሕሊናዬ ጉንጭህን እየሳምኩ፣
እህትህ ተናኜ