አንድ ክንድ ጨርቅ

ሰኞ

እኔ አስካለ፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ ጤናዬም አእምሮዬም ሳይጓደል፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አባዬ ለቅሶ እስኪሄድ ጠብቄ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ተቀምጫለሁ። አራት ጣት ያህል ሸምኛለሁ። ከዚያ ተርትሬዋለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ አባዬ ግን ይቅር የሚል አይመስለኝም።

እኛ ቤት ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። አለቀ። እማዬ ከልጅነቷ ጀምራ ስትፈትል አንድ ቀን እንኳ እግሯን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አላስገባችም። ለምን ስላት «እንዲያው ነው» ትላለች። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ብጠይቅ መልሱ ይረዝማል እንጂ መጨረሻው ያው «እንዲያው ነው» ነው።

ታዲያ እኔን ምን አገባኝ? ወይዘሪት አልማዝ፣ አስተማሪያችን፣ ቼኮዝሎቫኪያ ላለ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ቤት ስሜን አስተላልፈዋል። ሁለት ዓመት ትምህርት፣ ከዚያ አንድ ዓመት እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ሥራ፣ በደመወዝ። የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ አባት የፈቀደበት ወረቀት (ባዶው ተሰጥቶኛል)፣ እና አመልካቿ በገዛ እጇ የሸመነችው አንድ ክንድ ጨርቅ። ሁለቱም እስከ ቅዳሜ።

አባዬ አንደኛውንም ሁለተኛውንም አልሰማም።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። አሁን የያዘው ጋቢ ዓርብ ያልቃል። ጋቢ ባለቀ ቁጥር ጫፉ ላይ ትንሽ ድር ይተርፋል፤ አባዬ ቆርጦ ይጥለዋል። እኔ እሷ ትርፍ ላይ ክንዴን እሠራለሁ። እስከዚያ ልምምድ።

እማዬ ደጅ ተቀምጣ ስትፈትል ዛሬ ሁለት ጊዜ አሳለች። በሁለተኛው ዘልዬ ብወጣ ጎረቤታችን ጋሽ መንገሻ በበሩ እያለፉ ነው። ለጥቂት።

ማክሰኞ

ተበላሸ። ሁሉንም አልተረተርኩም ኖሯል፤ ሁለት ጣት ያህል ቀርታለች።

አባዬ ጠዋት ገብቶ ተቀመጠ፣ መወርወሪያውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። ጨርቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ። ሸማኔ የእጁን ምት እንደ ድምፁ ያውቀዋል። አባዬ ሽሮ ሜዳ ገበያ ላይ ዐይኑን ጨፍኖ «ይኼ የኔ ነው፣ ይኼ የባልንጀራዬ የወልዴ ነው» ማለት ይችላል። ዛሬ ግን የማንም ያልሆነ፣ የላላ ነገር አገኘ።

አሁን ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም።

«እጄ ከዳኝ» አላት ለእማዬ፣ ቀስ ብሎ። «ትናንት የመታሁት ነው። ምንም አልታወቀኝም።»

እኔ እዚያው ቆሜአለሁ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በዚህ ቤት ሴት ሸምና ይሆናል ብሎ ከመጠርጠር፣ አርጅቻለሁ ብሎ ማመን ቀለለው።

ረቡዕ

በአባዬ እጅ ጉዳይ ሽማግሌዎች ተሰየሙ። ሰብሳቢው ጋሽ መንገሻ ናቸው። በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ በባቡር ጅቡቲ ደርሰው ስለመጡ፣ በውጭ አገርም ሆነ በበሽታ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። መነጽራቸውን አወለቁ (ያለ መነጽር ይሻላቸዋል)፣ ጨርቁ ላይ ጎንበስ አሉና «ቡዳ ነው» ብለው ፈረዱ።

አገር ሁሉ ሸማኔን ቡዳ ይላል። ትምህርት ቤትም ስንቴ ከጀርባዬ ሰምቼዋለሁ። ሸማኔ ቤት ቡዳ ገባ ሲባል ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። ሣቄን ለመዋጥ ፊቴን የጥጥ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩ።

ከዚያ ትእዛዙ መጣ። ሰባት ቀን ቁስቋም ማርያም ጠበል፤ እስከዚያ ሽመና የለም።

ሣቄ እዚያ ላይ ቆመ። ሰባት ቀን ካለፈ ጋቢው ዓርብ አያልቅም። ጋቢው ካላለቀ ትርፍ ድር የለም። ትርፍ ድር ከሌለ አስካለ ጉለሌ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፣ እስከ ዕለተ ምጽአት።

ጋሽ መንገሻን ስሸኝ በዘዴ ጠየቅኋቸው።

«ጋሽ መንገሻ፣ ቼኮዝሎቫኪያ የት ነው?»

«ከጅቡቲ ትንሽ አለፍ ብሎ። ምን አጣሽ እዚያ?»

«ለጂኦግራፊ ነው።»

«ብርዱ አይጣል ነው። አምና እዚያ የሄደው የጎረቤታችን የተሾመ ልጅ ፎቶ ላከ አይደል፣ በረዶ ላይ ቆሞ? ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው ይላል። የት ይስቃል ልጄ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው እንጂ።»

ሐሙስ

አባዬ ከጠበል ሲመለስ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል። ከጃንሆይ ፎቶ ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። ቆየት ብሎ «መሸመኛውን ለወልዴ ብሰጠውስ?» አለ።

ምርጫዎቼን ልጻፍ።

ዝም ማለት፦ አባዬ ሥራውን ይተዋል፣ እኔም አልሄድም። ማንም አይጠቀምም።

መናገር፦ አባዬ እጁ ይመለስለታል። ግን እንደዚያ አሞኝቼው ወረቀቴን ይፈቅድልኛል?

ሦስተኛ መንገድም አለ። አባዬ መጻፍ አያውቅም፤ የሚያትመው አውራ ጣቱን ነው። የኔን አውራ ጣት ባትምስ? ይኼው፣ ቀለም ነክሬ እዚህ ገጽ ጥግ ላይ ሞከርኩት። የኔ ለስላሳ ነው፣ የሕፃን ይመስላል። የአባዬ ጣት መሀሉ ላይ ክር የቆፈረው ቦይ አለው። አይቼ አይቼ አፈርኩ። ተንኮልም ልክ አለው።

ልናገር ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በመጀመሪያው «አባዬ» ስለው «ምነው ልጄ» አለኝ፤ «ውሃ ላምጣ?» አልኩ። በሁለተኛውም ውሃ። በሦስተኛው ገና አፌን ስከፍት «የጠጣሁት ጠበል ይበቃኛል» አለ።

እማዬ እንዝርቷን ሳታቆም «አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ምላስሽ ለአገር ሁሉ ይሮጣል፣ አባትሽ ጋ ሲደርስ ያነክሳል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የሰኞው ሳል ሳል አልነበረም። ወረቀቱንም ሳታውቅ አትቀርም፤ ያስቀመጥኩት ፍራሼ ሥር ነው፣ ፍራሹን በየጠዋቱ የምታራግፈው ደግሞ እሷ ናት።

በቃ። ምላሴ ካነከሰ እጄ ይናገር። ነገ አባዬ ጠበል ሲሄድ እገባለሁ፣ እዚያው ጋቢው ላይ አንድ ክንድ ሙሉ እሸምናለሁ፣ አልተረትርም። ሲመለስ ያየዋል። ያ የላላው የማን እንደነበረ ያውቃል። ወረቀቱንም ከላዩ አደርገዋለሁ፤ የመጣው ይምጣ።

ዓርብ

አባዬ በማለዳ ወጣ። ፍራሼን ባነሣ ወረቀቱ የለም። ትራሴ ሥርም የለም። የቀለም ጠርሙሴም ከቦታው የለም። እማዬን ላለመጠየቅ ምክንያት ሳበዛ ጊዜው ሄደ። ይጥፋ አልኩ በመጨረሻ። ቼኮዝሎቫኪያ ይቅር፣ አባዬ እጁን ያግኝ።

ገባሁ። በሩን ሳልዘጋ።

መርገጫውን በእግር፣ መወርወሪያውን በእጅ፣ ከዚያ መምታት። ስጀምር እንደ ሰኞው ላላብኝ፤ ለዛሬ ያ ራሱ ምስክር ነው ብዬ ቀጠልኩ። ከግማሽ በኋላ እግሬና እጄ መጣላት ተዉ። የምቱ ድምፅ ራሱ ተለወጠ፣ ደንበኛ ሆነ። ክርኔን አስደግፌ እስከ ጣቴ ጫፍ ስለካው፣ አንድ ክንድ።

አየሁት። አስቀያሚ ነው። ከታች ወንፊት፣ ከላይ ጨርቅ። አባዬ ይኼን ያያል? እጄ ሳላዘው ጫፉን ያዘና አንድ ክር መዘዘ። ሁለተኛ። እማዬ ደጅ ናት፣ አላሳለችም፤ ስለዚህ ማንም የለም።

«አስካለ።»

ከኋላዬ ነው። ዞርኩ። ጠበል የሄደ ሰው ፀጉሩ ደረቅ ነው። ስንት ሰዓት እንደቆመ እንጃ። የሚያየው ጨርቁን አይደለም፣ መርገጫው ላይ ያለውን እግሬን ነው። ወረቀቱ በእጁ ተጠቅልሏል። አውራ ጣቱ ሰማያዊ ነው፣ በኔ ቀለም።

«አስካለ» አለኝ ደግሞ፣ «አትተርትሪው።»