አምስት ቦታ የተበላው ቤዝ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 3፡00
ቤዝ ጊታሬ ዛሬም እንደተበላሸ ነው። አንገቱ ተጣሟል፣ ሦስቴ ተጠግኖ ሦስቴ ተመልሷል። የሠርግ ባንድ መሪያችን ዮኒ ትናንት ቁርጡን ነገረኝ፦ ቅዳሜ ልምምድ ላይ የሚሠራ ቤዝ ይዤ ካልመጣሁ ኪቦርዲስቱ የቤዙን ድምፅ በግራ እጁ ይሸፍነዋል። በግራ እጁ! አሥራ አንድ ዓመት የቆምኩበትን ቦታ በአንድ እጅ! ደብተሬ፣ ይሄን ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር።

ደላላው ሲሳይ ደወለ። ካሳንቺስ አንድ አሮጌ የጃፓን ቤዝ አለ። ባለቤቱ ጋሽ ለማ ይባላሉ፣ ድሮ ሆቴል ይጫወቱ የነበሩ። ቤታቸው ሊፈርስ ነው፣ እሑድ ኮንዶሚኒየም ይገባሉ። ዕቃ እየቀነሱ ነው።

10፡00። ሄድኩ። መብራት የለም። የኤሌክትሪክ ቤዝ ያለ መብራት ልፈትሽ! ሲሳይ ክብደቱን እይ ይለኛል። ጋሽ ለማ ደግሞ ጆሮህን እንጨቱ ላይ ለጥፈህ ስማ አሉ። ለጠፍኩ። የሚሰማኝ የጎረቤት ግንብ ሲፈርስ ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 9፡00
መብራት አለ። ድምፅ ማጉያው፣ አምፑ ግን የለም፣ ቀድመው ሸጠውታል። የራሴን ጎተራ ካለው ቤቴ፣ ከአራተኛ ፎቅ ተሸክሜ ወረድኩ። የታክሲው ረዳት ለአምፑም እንደ ሰው አስከፈለኝ። ወገቤን እንዳላነሳው።

ሰካሁ። እዝዝዝዝዝ። ሲሳይ የዕድሜ ድምፅ ነው፣ ኦሪጅናል ሁሉ እንዲህ ነው አይለኝም! ክሮቹን ስነካ መቀነስ የነበረበት ጩኸት አይቀንስም። ውስጥ የለቀቀ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ቀላል ይሁን ከባድ ሳይከፈት አይታወቅም። ካቻቢቴዬን ከኪሴ አወጣሁ። የጋሽ ለማ ፊት ተለዋወጠ።

"ልጄ፣ እኔ ሌባ መሰልኩህ?"

የአባቴ እኩያ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የተጫወቱበትን ዕቃ ዓይናቸው እያየ ልበታትነው? ካቻቢቴውን መልሼ ከተትኩ። ጭራሽ ይቅርታ ጠየቅሁ። እስከ ለገሃር ድረስ ራሴን እየተሳደብኩ መጣሁ። ሰው ሽንኩርት ሲገዛ እንኳ ያገላብጣል! አፍሬ የማላውቀውን ዕቃ ልገዛ ነው፣ ወይም አፍሬ ሥራዬን ላጣ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 11፡00
ሲሳይን ትቼ ብቻዬን ሄድኩ። መፍታት የሚባል ነገር አላነሳሁም፣ ልጫወትበት ብቻ አልኩ። አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ብረቶች አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ደስ ይላል። ብረቶቹም ገና አልተነኩም ማለት ይቻላል። አምስት ቦታ ላይ ግን ጎድጉደው አልቀዋል፣ እዚያ ስደርስ ይንጣጣል። ለምን አምስት ብቻ? በተራ ተጫወትኳቸው። አምስቱ የትዝታ ቅኝት ድምፆች! ያውም በአንድ ቶን፣ በአንድ የድምፅ ከፍታ ብቻ።

ጠየቅኳቸው። ጋሽ ለማ እንደ አዲስ ተንጨረጨሩ። የሆቴሉ ባንድ ዘፋኝ ከዚያ ቶን ንቅንቅ አትልም ነበር። ትንሽ ከፍ እናድርገው ሲሏት ታኮርፋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው! ያስረጀችኝ እሷ ናት አሉ።

ከጓዳ ድምፅ መጣ። "ጣትህ ሌላ ቦታ መቼ ሄዶ ያውቅና ነው!"

እትዬ ዘውዴ፣ ባለቤታቸው። ዘፋኟ እሳቸው ናቸው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። እሳቸው ግን እጃቸውን እየጠረጉ ወጡና ካቻቢቴህ የታለ አሉኝ። ክፈተው፣ ይኼ ሰውዬ እስከ ዛሬ ያላወቀውን እኛ እንወቅለት። ጋሽ ለማ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ፈታሁ። አንድ ሽቦ ለቋል። የአምስት ደቂቃ ብየዳ! ለዚህ ነው አምፕ ተሸክሜ የዞርኩት።

ቤዙን እወስዳለሁ፣ ግን የተበሉት ብረቶች መለወጥ አለባቸው አልኩ። እትዬ ዘውዴ ለውጣቸው እንጂ አሉ። ጋሽ ለማ ግን ቤዙን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ፣ ንጹሑን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ጠዋት 4፡00
ብረቶቹ ተለወጡ፣ ሽቦው ተበየደ፣ ቤዙ ጸጥ ብሏል። ጠጋኙ አሮጌዎቹን ሊጥል ሲል ተቀበልኩት። ወደ ልምምድ ሳልሄድ ካሳንቺስ ገባሁ። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል። ጋሽ ለማ ውራጅ ብረት ምን ያደርግልኛል ብለው ተቆጡ። እትዬ ዘውዴ ግን መዳፋቸውን ዘረጉ። አንድ በአንድ አዩአቸውና በመሐረባቸው ጫፍ ቋጠሯቸው። የትኛው ካርቶን ውስጥ ላድርግልዎ አልኩ። እነዚህንስ በእጄ ነው የምይዛቸው አሉ። ጋሽ ለማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም ቶሎ ወጣሁ።

12፡00። ከልምምድ መጣሁ። ቦታዬ ተመልሷል፣ የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ አርፏል። እሰይ! ዮኒ ትዝታ ጀምሩ አለ። ዘፋኛችን ቶኑ ከበደኝ፣ አውርዱልኝ አለች። አወረድን። አሁንም አውርዱ። አወረድን። እዚህ ጋ ተመቸኝ፣ ከዚህ ወዲያ እንዳትነኩብኝ አለች። ጣቶቼን አየሁ። አዲሶቹ ብረቶች ላይ ናቸው። እነዚያው አምስት ቦታዎች ላይ!

ለጋሽ ለማ ደውዬ ስለ ዘፋኝ ዘር ሁሉ ላማርር ነው። እየጠራ ነው። እትዬ ዘውዴ ካነሱት ግን ዘፋኟ ልክ ናት ነው የምለው።