የስድስት ዓመቷ እናቴና የሁለት አገር ድንጋይ

የካቲት 10

ፀሐይ ተመለሰች። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቅ ብላ አየችንና ሄደች... ከደቡብ እንደሚመጡት ባለሥልጣኖች።

ውሾቹን አበላሁ። አሥራ አንዱንም። መሪዋ ታነክሳለች። በረዶ ቆርጧት ይሆን? ነገ አያታለሁ።

እማዬ ከባሕሩ ማዶ ደወለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። «ልጄ፣ እየው!» ብላ አፏን ስልኩ ላይ ለጠፈችው። ጨለማ ብቻ ነው የታየኝ። «አየሁት እማዬ፣ ያምራል» አልኳት።

ስድስት ዓመቷ ነው።

የካቲት 13

ያለፈውን አነበብኩት። ሌላ ሰው ቢያየው ታቴራ አበደ ይላል። ማን ያየዋል? ግን ስሞት ቤቱን የሚያጸዳው ሰው ያገኘው ይሆናል፤ እብድ እንዳይለኝ ልጻፈው።

እናቴ ኢናሉክ ከሞተች ሰባት ዓመት ሊሆናት ነው። ዓመቷ ሳይሞላ የእህቴ ልጅ አቪያ፣ ካናዳ አግብታ የሄደችው፣ ሴት ልጅ ወለደች። ኢናሉክ አለቻት። እኛ ዘንድ ስም ብቻውን አይሰጥም። ባለቤቱም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ እኔ እማዬ እላታለሁ፣ እሷ ልጄ ትለኛለች። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በልቼ እንደሆን ትጠይቀኛለች፣ ካልበላሁ ትቆጣለች።

አባቷ ጄይፒቲ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። «የእናትህ አባት ነኝ፤ አያትህ ማለት ነው። ስደውልልህ ተነስተህ አናግረኝ» ይለኛል። ባለጌ።

በአካል አይቻት አላውቅም። አያቴ በውሻ ባሕሩን አቋርጦ ማዶ ሄዶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ተመልሷል። ማንም ወዴት ነህ አላለውም። አሁን በረዶው አይታመንም። ቢታመንም ድንበር አለ። በአውሮፕላን ልሂድ ካልኩ በኮፐንሃገን ዞሬ፣ ቶሮንቶ ደርሼ፣ እንደገና ወደ ሰሜን... ቀን ሲጠራ ከኮረብታው ላይ የሚታየኝን ምድር ለመርገጥ ግማሽ ዓለም መዞር።

የካቲት 28

በሬዲዮ ተነገረ። ሁለቱ አገሮች፣ የእኛና የእነ እማዬ፣ በሰሜኑ ባሕር ሉዓላዊነት ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊሠሩ ነው። የጦር መርከብ፣ የጋራ ቅኝት፣ የጋራ ካርታ። መጨረሻ ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር፦ ማዶ ለማዶ ያሉ ቤተሰቦች በአጭር መንገድ እንዲገናኙ ፈቃድ ይሰጣል፤ ማመልከቻ መሙላት ነው።

ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ቡናዬ ቀዘቀዘ።

መጋቢት 4

ወደ ከተማው፣ ወደ ቃናቅ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ አዲስ ልጅ አለች፤ አኔ ትባላለች፣ ከኮፐንሃገን የመጣች። የመጀመሪያ ክረምቷ ነው። ሁለት ሹራብ፣ ሁለት ሱሪ ደርባ ከምድጃው ጎን ተለጥፋለች።

ቅጹን ሰጠችኝ። ሞላሁት።

የሚጠየቀው ሰው ስም፦ ኢናሉክ። ዝምድና፦ እናት። ዕድሜ፦ ስድስት።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል» አለች።

«የቱ ጋ?»

«ዕድሜው ላይ።»

ቀኑን ቆጠርኩ። «ልክ ነሽ፣ ስድስት ዓመት ከአምስት ወር» አልኳት።

አስረዳኋት። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አልሳቀችም። ብቻ ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበችና እንደሞላሁት ላከችው።

ሚያዝያ 2

መልስ መጣ። ከየትኛው ቢሮ እንደሆነ ከማህተሙ አይነበብም።

«ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም። አንደኛ፣ የተጠቀሱት እናት በመዝገብ ሟች ናቸው። ሁለተኛ፣ ከአመልካቹ በሃምሳ ስድስት ዓመት ያንሳሉ።»

አንቱ ማለታቸው ግን ደስ አለኝ። ለእማዬ ይገባታል።

ሚያዝያ 3

አኔ መላ አመጣች። «አባባ፣ ‹የሩቅ ዘመድ› ብለው ይሙሉት። ወረቀት ነው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አልኳት።

«እሷን ማየት ነው የሚፈልጉት ወይስ ከወረቀት ጋር መከራከር?»

ተናድጄ ወጣሁ። እቤት ስደርስ ግን በማን እንደተናደድኩ ጠፋኝ።

ሚያዝያ 19

ይቺን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ልጻፋት።

እናቴ ስትታመም እኔ ባለቀንዱን ዓሣ ነባሪ አደን ላይ ነበርኩ። ማታክ አማረኝ ብላ ነበር፤ ቆዳውን ከነስቡ። ጥርስ አልነበራትም፣ እኔ ነበርኩ በቢላ አድቅቄ የማጎርሳት። ሦስተኛው ቀን ላይ በሬዲዮ ጠሩኝ። «እናትህ ና ብላሃለች።» መጣሁ አልኩ። አንድ ልድገምና። ዓሣ ነባሪዎቹ እዚያው ፊቴ ነበሩ... አንድ ብቻ። አንዱ ሁለት ሆነ። ጀልባዬን ሞልቼ ስመለስ ፊቷን ሸፍነዋት ነበር።

መንደሩ በሙሉ ያን ማታክ በላ። እኔ አልቀመስኩም።

ማታክ አይደለም የጠራችኝ። ና ነው ያለችው። አሁን እሄዳለሁ ስል ደግሞ ሞታለች ብለው ይመልሱኛል።

ግንቦት 6

ተሸነፍኩ። «የሩቅ ዘመድ» ብዬ ሞላሁ። ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴን ክጄ አላውቅም።

አኔ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ሰኔ 11

መልስ መጣ። «ፈቃዱ የሩቅ ዘመዶችን አይመለከትም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

እማዬ ስትደውል አላነሳሁም። በምን አፌ?

ሰኔ 24

አንድ የባሕር ኃይል ሻምበል መንደራችን መጣ፤ ሞርተን ይባላል። ረዥም ነው፣ በየበሩ ግንባሩን ይገጫል። መርከባቸው ወደ ሰሜን ትወጣለች፤ በረዶ የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ።

«መርከቧ መሣሪያ የላትም እንዴ?» አልኩት።

«አላት። ግን ባለፈው ዓመት መሣሪያው ልክ ነበር፣ በረዶው ነው የተሳሳተው» አለኝ። ወደድኩት።

የምንሄደው ታርቱፓሉክ ነው። በሁለቱ አገር መካከል ያለች ድንጋይ። ሣር እንኳ የማይበቅልባት። አያቶቻችን ወጥተው በረዶውን ይቃኙባት ነበር፣ ሌላ ጥቅም የላትም። ሁለቱ መንግሥታት ግን ለዚህች ድንጋይ ሃምሳ ዓመት ተጣልተዋል። አንዱ መጥቶ ባንዲራ ይተክላል፣ ጠርሙስ መጠጥ ያስቀምጣል፤ ሌላው መጥቶ ባንዲራውን ይነቅላል፣ ሌላ ጠርሙስ ያስቀምጣል። ጦርነት ሁሉ እንደዚህ በሆነ። በመጨረሻ ለሁለት ተካፈሏት። አሁን ትብብራቸውን እዚያ ላይ ቆመው ሊያከብሩ ነው። መዝሙር፣ ፊርማ፣ ፎቶ።

እሺ አልኩት። ቤት ውስጥ ሆኜስ ምን እሠራለሁ?

ሐምሌ 15

ጄይፒቲ ደወለ። ሳቁ አላስወራው አለ።

«ተነስ፣ አያትህ ነኝ!»

«ቆሜያለሁ፣ ተናገር።»

«ለዚያ ለድንጋዩ በዓል ከየአገሩ ባንዲራ የሚይዝ ልጅ ይፈልጋሉ። የነገው ትውልድ ምናምን። ከትምህርት ቤታችን ማን ተመረጠ በል?»

ተቀመጥኩ።

«ኧረ ተነስ» አለኝ። እንደማያየኝ እንኳ ረሳው።

ለሉዓላዊነት ሲሆን መርከብና ሄሊኮፕተር ይመጣላታል። ለልጇ ሲሆን ሟች ናት።

ሐምሌ 16

ሥጋ ከማኖርበት የበረዶ ጉድጓድ ማታክ አወጣሁ። አምና ያደንኩት ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ለእንግዳ እንጂ ለራሴ አውጥቼ አላውቅም ነበር።

ነሐሴ 9

መርከብ ላይ። ሞርተን አሰለፈንና አስጠነቀቀን። ድንበሩ ላይ ገመድ ይወጠራል፤ የእኛ ወገን በምሥራቅ፣ የእነሱ በምዕራብ። እስኪፈረም ድረስ ገመዱን ማንም አያልፍም። «ካሜራ አለ፣ ሁለቱም አገሮች ያዩናል» አለ።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ለማውረድ ይቸግራል አሉ። እነዚህም ካርታ ፊት ቁጭ ብለው ነው የሰቀሉት።

ነሐሴ 11

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ነፋስ ነበር። ገመዱ ቀይ ነው፣ ድንጋዩ መሐል ለመሐል ተወጥሯል። ማዶ ሻምበል ጊልበርት የምትባል አጭር ሴት መኮንን ወታደሮቿን አሰልፋለች። ጄይፒቲ ቀይ ሹራቡን ለብሶ ከኋላ። ከፊት ደግሞ እሷ። ባንዲራው ከእሷ ይበልጣል። ስልክ ላይ ትልቅ ነበር የምትመስለኝ። ትንሽ ናት። በጣም ትንሽ ናት።

አየችኝ። እጇን ልታነሳ ስትል ባንዲራው ተንገዳገደ፣ ተወችው።

መዝሙር ተጀመረ። ለክብር ብዬ የካፖርቴን ቆብ ከራሴ ላይ ገፋሁት። መጀመሪያ የእኛ፣ ቀጥሎ የእነሱ። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል፣ ያ ሁሉ ሰው ድርቅ ብሎ በቆመበት፦

«አንተ ልጅ! ቆብህን አድርግ! ጆሮህ ወድቆ ውሻ ይበላዋል!»

እናቴ ናት። እንደዚያ የምትለኝ እናቴ ብቻ ነበረች። አቪያ አስተምራት ይሆን? ሳትሆን አትቀርም። ለምን እንደዚያ አሰብኩ ግን?

ቆቤን አደረግሁ። ወታደሮቹ ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

«አይደለም፣ አላጠበቅከውም» አለች። «ና እዚህ!»

ና።

ገመዱን አየሁት። ሞርተንን አየሁት። ፊርማው ገና ነው፤ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ በድንጋይ ተጭኗል። አንድ ደቂቃ ብታገሥ ይፈረማል። አንድ ብቻ... ያቺን «አንድ ብቻ» አውቃታለሁ።

ገመዱን ተሻገርኩ። ጉልበቴ አያነሳልኝም፣ ጎንበስ ብዬ በሥሩ ነው ያለፍኩት። ፊቷ ተንበረከክሁ። ባንዲራውን ጄይፒቲ ላይ ጣለችና በሁለት እጇ የቆቤን ገመድ አሰረችልኝ። አንቃ ልትገድለኝ ነበር።

«ቆየህ» አለችኝ።

«ቆየሁ እማዬ። ይቅር በይኝ።»

«በልተሃል?»

አለቀስኩ። በሁለት መንግሥት ፊት ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። አላፍርም።

ከኋላዬ መኮንኖቹ ይንሾካሾካሉ። እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደል፣ ይህን ያህል ግን ገባኝ።

«የእርስዎ ሰው ነው የገባው» አለች ጊልበርት።

«የእርስዎ ሰው ናት የጠራችው» አለ ሞርተን።

«ሪፖርት ማድረግ ያለበት ማነው?»

ከዚያ ሁለቱም ዘወር ብለው ባሕሩን ይመለከቱ ጀመር። ባሕሩ ላይ ምንም አልነበረም። ያን ምንም ሩብ ሰዓት ያህል በጥሞና ተመለከቱት። ከዚያ በፊት ንግግር ሲደረግ ነበር እንጂ፣ ትብብር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ማታኩን ከኪሴ አወጣሁ። ነከሰች፣ አልሆነላትም።

«ጥርሴ የለም» አለችኝ። «አድቅቅልኝ።»

ቢላዬን አውጥቼ አደቀቅሁላት። እንደ ድሮው፣ በጥፍር መጠን። አንድ አንድ እያልኩ አጎረስኳት። ከዚያ አንዷን አንስታ ወደ እኔ አፍ አመጣች። ሰባት ዓመት አልቀመስኩም ነበር። በላሁ።

ከዚያ ፈረሙ።

ነሐሴ 28

ጋዜጣ ደረሰን። ፎቶው ላይ ተንበርክኬ አለቅሳለሁ። ከሥሩ፦ «አንጋፋው አዳኝ በሰሜኑ ሉዓላዊነት ልባቸው ተነክቶ።» ሥነ ሥርዓቱ ያለ አንዳች እንከን ተጠናቀቀ ይላል።

ጄይፒቲ አንብቦ ደወለ። «የልጅ ልጄ፣ ለሉዓላዊነት እንደዚህ አልቃሻ መሆንህን አላውቅም ነበር።» ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ጥቅምት 14

ፀሐይ ሄደች። እስከ የካቲት አናያትም።

ጠዋት እማዬ ደወለች። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁት። አዲሱ ጥርሷ ብቅ ብሏል። አፏን ስልኩ ላይ ለጠፈችው። ምንም አልታየኝም። «እንግዲህ ራሴ አኝካለሁ» አለች፤ ትንሽ ቅር አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቃናቅ ነበርኩ። ሞርተን ለከርሞም በረዶ እንዳነብለት ውል ልኮልኛል። አኔ ዘንድ ተቀምጬ ሞላሁት። አሁን አንድ ሹራብ ብቻ ነው የለበሰችው፤ ለምዳለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ፦ አደጋ ቢደርስብዎ የሚጠራው የቅርብ ሰው።

ስም፦ ኢናሉክ። ዝምድና፦ እናት። ዕድሜ፦ ሰባት።

አኔ በትከሻዬ አሻግራ አነበበችው። ብዕሯን አነሳች፣ አስቀመጠች።

«አባባ፣ መልሰው ይልኩታል።»

«ይላኩት» አልኳት። «እንደገና እንደዚሁ እሞላዋለሁ።»

ማህተሙን መታችበት።